የቤተሰብ ችሎት ቀጠሮ ማለቂያው መቼ ነው? ምን ቢስተካከል ይሻላል ትላላችሁ?

የናቲ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ይላል ግን እስከ መጨረሻ አንብቡልኝ በናታችሁ። የፍቺ አቤቱታ ካስገባሁ ሁለት አመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ፍቺው ራሱ አላስቸገረም፣ እሱም አልፈታም አላለም፣ አስቡበት ተብለን ጊዜ ተሰጠን፣ ስንመለስ አሁንም እዛው ነን አልን፣ ተፈታን። የጨረሰኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። የልጁ ቀለብ፣ ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው፣ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ይሄ ሁሉ እስከዛሬ ቀጠሮ ላይ ነው። የፍርድ ቤቱን ስም አልጠራም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው በቃ።

አሁን ሦስተኛ ዳኛ ላይ ደርሻለሁ። የመጀመሪያዋ ጎበዝ ነበረች፣ ጉዳዩን በደንብ ይዛው ነበር፣ ነሐሴ ላይ ፍርድ ቤት ሲዘጋ ወደ ሌላ ምድብ ተዛወረች። ጥቅምት ላይ ስመጣ አዲስ ዳኛ፣ እሳቸው መዝገቡን አንብበው እስኪጨርሱ ሁለት ቀጠሮ ሄደ፣ ምስክር ከሰሙ በኋላ ደግሞ እሳቸውም ተነሱ። ሦስተኛው "የምስክሮቹ ቃል ተገልብጦ አልተያያዘም፣ ይያያዝና ይቅረብ" ብለው ቀጠሩ። እሱ እስኪያያዝ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

ያለፈው ማክሰኞ ለጠዋት 2፡30 ነበር የተቀጠርኩት። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስልኝ ሰው ስላጣሁ ይዤው ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቷል፣ ቆመን ነው የጠበቅነው፣ ናቲ ቦርሳውን ወለሉ ላይ አድርጎ እሱ ላይ ተቀመጠ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ወደ አምስት ሰዓት ላይ አንዷ ወጥታ ዳኛው ስልጠና ላይ ስለሆኑ ቀጠሮ ተቀይሯል አለችና ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈች። ሰው ሁሉ ተግተልትሎ ወረቀቱ ጋ ሄደ። ናቲ አሁን ማንበብ ለምዷል፣ 7 አመቱ ነው፣ በሰው መሀል ሾልኮ ገብቶ ስሜን ፈልጎ አገኘና "እማዬ አንቺ አስራ አራተኛ ነሽ!" አለኝ ደስ ብሎት። ትምህርት ቤት ስም ዝርዝር ሲለጠፍ እንደዛ ነው የሚያደርገው። እኔ እዛው ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። የተቀየረው ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ዳኞችን ልሳደብ አይደለም የመጣሁት፣ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የመዝገብ ክምር በአይኔ አይቼዋለሁ። ግን ልጁን የማሳድገው እኔ ነኝ፣ አባቱ ሲፈልግ ይልካል ሲፈልግ ሁለት ወር ዝም ይላል፣ እስካሁን በፍርድ ቤት ትዕዛዝ አንድ ብር አልተቆረጠልኝም። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ግማሽ ቀን ከስራ እቀራለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ በዚህ ስራ ውስጥ ያላችሁ ወይም ያለፋችሁበት፣ እውነት ምንድነው እንዲህ የሚያጓትተው? የቱ ቢስተካከል ነው ለውጥ የሚመጣው? እኔስ እስከዛ ምን ላርግ?

---

ቀድሞ ሬጅስትራር፦

አይዞሽ እህቴ። እኔ ፍርድ ቤት ውስጥ ስድስት አመት ሰርቼ ነው የወጣሁት፣ ከውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ ዳኛው ሰነፍ ነው ይላል። አንድ ችሎት ላይ በቀን ሃያ ሠላሳ መዝገብ ነበር የሚቀጠረው። ጠዋት መዝገቦቹን ደርድሬ ሳስገባ ዳኛዋ ታየኝና "ከዚህ ውስጥ ዛሬ በትክክል የሚሰራው ስንቱ ነው?" ትለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹ የሚሰራ አልነበረም፣ ምክንያቱም ዳኛው ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ማለቅ የነበረበት ነገር አላለቀም። መጥሪያ አልደረሰም፣ ምላሽ አልገባም፣ ከባንክ ወይ ከክፍለ ከተማ የተጠየቀ ማስረጃ አልመጣም፣ ግልባጭ አልተሰራም። ይሄ ሁሉ ባለጉዳይ ተጠርቶ ችሎት ፊት ቆሞ ነው "አልመጣም፣ ለዚህ ቀን ተቀጥሯል" የሚባለው። ለዚህ ዳኛ አያስፈልግም ነበር እኮ። ከቀጠሮው ሳምንት በፊት አንድ የመዝገብ ቤት ሰራተኛ መዝገቡን ገልጦ ቢያይ፣ ያልተሟላ ካለ ለባለጉዳዮቹ ስልክ ቢደውል ወይ አጭር ሜሴጅ ቢልክ፣ አንቺም ከስራ አትቀሪም ናቲም ከትምህርት አይቀርም።

መጥሪያ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ከሳሽ ነው መጥሪያውን ይዞ የሚዞረው። ተከሳሽ ቤት የለም ይባላል፣ ዘበኛ አልቀበልም ይላል፣ ሰው በቃለ መሃላ አልተገኘም ብሎ ይመልሳል፣ ከዛ ቀበሌ ይለጠፍ፣ ከዛ በጋዜጣ ይውጣ። እኔ ጋ ለመጥሪያ ብቻ አምስት ቀጠሮ የሄደ የቀለብ መዝገብ ነበር። ሰውየው በየቀኑ ቢሮ ገብቶ የሚወጣ የመንግስት ሰራተኛ ነው! መስሪያ ቤቱ ማህተሙን አድርጎ ቢቀበል በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

ሌላው ሰው የማያነሳው፣ በ2013 የወጣው አዋጅ 1234 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱን የገንዘብ ስልጣን ከ500 ሺህ ብር ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ አድርጎታል። ብር ዋጋው ስለወደቀ መደረግ ነበረበት፣ አልቃወምም። ግን ድሮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄድ የነበረው የቤት፣ የውል፣ የብድር ክስ ሁሉ የቤተሰብ ጉዳይ ወዳለበት ወደ ታች ወረደ። የሰው ኃይሉና ክፍሉ በዛው ልክ ካልጨመረ ጫናው የት እንደሚያርፍ ግልጽ ነው።

ስለ ዳኛ መቀያየር ያልሽው ደግሞ እኔንም ሁሌ ያሳዝነኛል። የቤተሰብ መዝገብ እንደ ብድር ክስ አይደለም። ዳኛዋ ባልና ሚስቱን አይታለች፣ ልጁን አናግራለች፣ ማን እንደሚዋሽ ማን እንደሚፈራ በአይኗ አይታለች። ያ ነገር ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ዝውውር የግድ ከሆነ እንኳን ምስክር የተሰማባቸውን መዝገቦች ውሳኔ ሰጥታባቸው ብትሄድ፣ ለዛ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢሰጣት ምን ነበረበት።

---

ጠበቃ ከፒያሳ፦

ሬጅስትራሩ የጻፈው ልክ ነው። እኔ ከዛ ልቀጥል፣ በተለይ "እስከዛ ምን ላርግ" ላልሽው።

እህቴ፣ ጊዜያዊ ቀለብ ጠይቀሽ ነበር? ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሚያውቀውም የማይጠቀምበት ነገር አለ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213፣ አንቀጽ 82 ላይ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትዕዛዝ ይሰጣል ይላል። ወዲያውኑ ነው የሚለው። ክርክሩ እስኪያልቅ አይልም፣ ቤቱ እስኪሸጥ አይልም። ሕግ አውጪው የአዋቂዎች ክርክር እንደሚረዝም አውቆ ልጁ በመሀል እንዳይራብ ያስቀመጠው ነው።

በተግባር ግን ምን ይሆናል፣ አቤቱታው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር "ጊዜያዊ ቀለብ ይወሰንልኝ" ተብሎ ይጻፋል፣ ተከሳሹ መልስ ይስጥበት ይባላል፣ የገቢ ማስረጃ ይምጣ ይባላል፣ ከዋናው ክርክር ጋር ተደባልቆ ይጓዛል። እኔ የቤተሰብ ችሎትን የሚያሻሽል አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄንን ነው የምመርጠው። የመጀመሪያው ቀን፣ አቤቱታው የቀረበ ቀን፣ ዳኛው ሌላውን ሁሉ ትቶ ልጁ ዛሬ ማታ ከማን ጋር ያድራል፣ የዚህ ወር ወተቱንና የትምህርት ቤት ክፍያውን ማን ይከፍላል የሚለውን ይወስን። ገቢው በትክክል ካልታወቀ በግምት ይወስን፣ ኋላ ማስረጃ ሲመጣ ይስተካከላል። ትንሽ ተሳስቶ የተቆረጠ ቀለብ ይታረማል፣ ሁለት አመት ሳይቆረጥ የቀረ ግን ልጁ ያንን እድሜ አልፎታል።

ስለዚህ አሁን ለብቻው ማመልከቻ ጻፊ። ከዋናው ክርክር ጋር አታደባልቂው። አንድ ገጽ ይበቃል። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል ካለሽ፣ የአባቱ መስሪያ ቤት ስምና አድራሻ ይኑርበት። ፍቺው ተወስኗል አልፏል የሚልሽ ካለ የልጁ ጉዳይ ገና አልተወሰነም በይ። ልጅን መቀለብ ከጋብቻው ጋር አብሮ የሚፈርስ ግዴታ አይደለም። አባትየው ተቀጣሪ ከሆነ ትዕዛዙ በቀጥታ ለመስሪያ ቤቱ ይጻፍልኝ ብለሽ ጠይቂ፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይገባልሻል። ከደመወዙ ሲሶ በላይ አይቆረጥም፣ እሱን እወቂው።

ስለ ቤቱ ደግሞ፣ ኮንዶሚኒየም ለሁለት አይቆረጥም። ወይ አንዳችሁ ለሌላው ድርሻውን ከፍላችሁ ታስቀራላችሁ፣ ወይ ተስማምታችሁ ትሸጣላችሁ፣ ካልሆነ ሐራጅ ነው። ሐራጅ ከሄደ ደግሞ አፈጻጸም ችሎት የሚባል ሌላ መዝገብ ይከፈታል፣ ግምት አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ ተጫራች ካልመጣ ድጋሚ አለ። ፍርድ አግኝተው አፈጻጸም ላይ አመት የቆዩ ደንበኞች አሉኝ። ስለዚህ ቤቱ ላይ መስማማት ከተቻለ ተስማሙ። በ1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ገብቷል፣ አስማሚ ፊት ቁጭ ብላችሁ የደረሳችሁበት ስምምነት በዳኛ ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ጠይቂ።

አንድ ለኛ ለጠበቆችም የሚሆን ነገር ልጨምር። ቀጠሮ የሚያስቀይረው ዳኛ ብቻ አይደለም። ሌላ ችሎት ተደርቦብኛል፣ ደንበኛዬን አላገኘሁትም፣ ሰነድ ላቅርብ እያልን የምናስቀይረው እኛም ነን። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ ያስቀየረ ወገን የሌላውን ወጪ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል፣ ግን ሲደረግ የማየው አልፎ አልፎ ነው። ዳኞች ይሄን ቢጠቀሙበት፣ አንዴ ሁለቴ ጠበቃውም ተከራካሪውም ከኪሱ ቢከፍል፣ ልማዱ ይቀየር ነበር። እኔም ከፍዬ አውቃለሁ፣ ከዛ በኋላ ካላንደሬን በደንብ ነው የማየው።

---

አባት ነኝ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁሌ አባት ጠፊ ተደርጎ ነው የሚወራው። እኔ ቀለቤን በየወሩ በባንክ አስገባለሁ፣ ስሊፑ ሁሉ አለኝ። ልጄን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ታያለህ ተብሎ የተወሰነልኝን ካገኘሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በሩ ላይ እሄዳለሁ፣ አሟታል ይባላል፣ አክስቷ ጋ ሄዳለች ይባላል፣ በመጨረሻ ስልኩም አይነሳም። ለልጄ የገዛሁላት ጫማ ቁጥሩ አሁን የሚሆናት አይመስለኝም፣ ቤት ካርቶኑ ውስጥ ነው ያለው።

ለአፈጻጸም ሄድኩ። ለቀለብ አፈጻጸም መንገዱ ይታወቃል፣ ደመወዝ ይቆረጣል፣ ንብረት ይያዛል። ልጅ ለማየት ግን ምን ይቆረጣል? ፖሊስ ይዤ ልሂድና የስድስት አመት ልጅ በፖሊስ ትምጣልኝ? ያንን ደግሞ እኔም አልፈልግም። ዳኛው ራሳቸው ግራ ገብቷቸው "ተነጋገሩ" አሉን። የምንነጋገር ቢሆን ፍርድ ቤት ምን አመጣን።

እኔ የምለው፣ ክፍለ ከተማ ላይም ይሁን ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይዘጋጅ፣ አሻንጉሊት ያለበት፣ ማህበራዊ ሰራተኛ የምትቀመጥበት፣ እናት ልጇን እዛ አድርሳ ትሂድ አባት እዛ አግኝቶ ይመልስ። እኔና እሷ በር ላይ አንፋጠጥም ልጅቷም ጭቅጭቅ አታይም። ማን እንደቀረም እዛው ይመዘገባል፣ ዳኛው ኋላ በወሬ አይደለም የሚፈርደው።

---

ጠበቃ ከፒያሳ፦

@አባት ነኝ ልክ ነህ ወንድሜ፣ የመጎብኘት መብት አፈጻጸም ሕጉ ላይ ደካማ ነው፣ ክፍሉ ሀሳብ ጥሩ ነው። አንተ ግን የቀረብህን ቅዳሜ ሁሉ በቀን ጻፈው፣ ሜሴጅ የላክበትን አታጥፋ። የልጅ አያያዝ ውሳኔ እንደ መሬት ፍርድ ለዘላለም የተዘጋ አይደለም፣ ሁኔታ ሲቀየር እንደገና ይታያል። በድሮው የ1952 ፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ እስከ 5 አመቱ ከእናቱ ጋር ይሁን የሚል ነበረ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ትቶ አንቀጽ 113 ላይ የወላጆቹን ገቢ፣ እድሜ፣ ጤንነት፣ አኗኗር፣ የልጁንም እድሜና ጥቅም አይታችሁ ወስኑ ነው የሚለው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632 ላይ አባት ስለሆነ ብቻ ልጁ ይሰጠው አላለም፣ ለአመታት ካሳደገችው አክስቱ ጋር ይቆይ ነው ያለው፣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ የልጁ ጥቅም ይቅደም ስለሚል። የሰበር ትርጉም የስር ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። እናትም አባትም ይሄን ቢያውቁት ጥሩ ነው፣ "ልጁ የኔ ነው" ማለት ብቻውን አያስፈርድም።

---

የጣና ዳር፦

እኔ ደግሞ ከባህር ዳር ነኝ፣ ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ ነገሩ ግን ያው ነው። እኔና የቀድሞ ባለቤቴ በሽማግሌ ነው የጨረስነው። ከሷ ሁለት ከኔ ሁለት፣ አንድ የነፍስ አባት። ሦስት እሁድ ተቀመጡ። አንደኛው እሁድ ሁለታችንንም አስለቀሱን፣ ሁለተኛው እሁድ ንብረቱን ጻፍን፣ ሦስተኛው እሁድ ተፈራረምን። ከዛ ፍርድ ቤት ወስደን አስጸደቅነው። ልጆቹ ሳምንት ሳምንት እኔ ጋ ናቸው፣ በአል አብረን ነው የምንውለው። ፍርድ ቤት የሚችለውን ቢያስተካክል ጥሩ ነው ግን ከትዳር የወጣ ነገር ሁሉ ችሎት መቆም ያለበት አይመስለኝም። አባቶቻችን በዋርካ ስር ሲጨርሱት የነበረ ነው።

---

ስሜ ይቅር፦

@የጣና ዳር ለናንተ ስለሰራ ደስ ብሎኛል እውነቴን ነው። ግን ሁሉ ቤት አንድ አይደለም። እኔን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ መልሶኛል፣ ሦስቱንም ጊዜ "አንቺ ቻይ፣ ልጆችሽን አስቢ" ተብዬ። ሦስተኛው ላይ ክንዴ ተሰብሮ ነው ወደ ፍርድ ቤት የሄድኩት። ድሮ በ1952ቱ ሕግ ፍቺ ራሱ በሽማግሌ ዳኞች ነበር የሚታየው፣ በ1992 ስልጣኑ ወደ ፍርድ ቤት የተመለሰው ዝም ብሎ አይደለም፣ ሴቶች ብዙ ታግለውበታል። ስለዚህ አስማሚነት ጥሩ ነው ስትሉ ዱላ ያለበትን ቤት መጀመሪያ ለዩልን። ዳኛዋ ወደ አስማሚ ከመላኳ በፊት ለብቻ አስገብታ አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ፣ "ትፈሪዋለሽ ወይ" ብላ፣ ያ ብቻ ይበቃል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ነው "መታረቅ ትፈልጊያለሽ?" የተባልኩት። ምን እንድል ነበር የተጠበቀው?

---

የጣና ዳር፦

ይቅርታ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ እሱን አላሰብኩትም።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ከሜሪላንድ። እኔ እዚህ ነው የተፋታሁት፣ ምናልባት የሚጠቅም ነገር ካለ ላካፍል።

እዚህ ቀለብ ዳኛው በስሜቱ አይቆርጠውም። የሁለታችን የወር ገቢ፣ የልጆቹ ቁጥር፣ የህጻናት ማቆያ ወጪ፣ የጤና ኢንሹራንስ አንድ ቅጽ ላይ ይሞላል፣ በሰንጠረዥ ይሰላል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ዳኛው ከዛ ልለፍ ወይ ልቀንስ ካለ ምክንያቱን መናገር አለበት። ስለዚህ ክርክሩ ቶሎ ያልቃል፣ ሁለታችንም ቤታችን ቁጭ ብለን በግምት ስንት እንደሚሆን አውቀነው ነው የሄድነው። ከዛ ከቀጣሪው በቀጥታ ይቆረጣል፣ የስቴቱ መስሪያ ቤት ይቀበለዋል ወደ እኔ ይልከዋል። እኔና እሱ ስለ ገንዘብ አንደዋወልም፣ ያ በራሱ ትልቅ ሰላም ነው። ካልከፈለ መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል፣ እዚህ ሀገር ያለ መኪና መኖር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አስተርጓሚም ፍርድ ቤቱ በነጻ አምጥቶልኛል፣ ዳኛው የሚለውን ሁሉ በአማርኛ ነው የሰማሁት።

ሁሉም ወለላ አይደለም፣ ጠበቃ በሰዓት ነው የሚያስከፍለው፣ ብዙ ሰው ጠበቃ መያዝ ስላልቻለ ብቻውን ነው የሚቆመው። ግን ያ ሰንጠረዥ ነገር ሀገር ቤት ቢሞከር ምን ይመስላችኋል? አንዱ ዳኛ 1500 ሌላው 4000 ከሚቆርጡ።

---

ቀድሞ ሬጅስትራር፦

@ሲልቨር ስፕሪንግ ሰንጠረዡ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ለደመወዝተኛ ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል። ሕጉ የጠያቂውን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም አመዛዝኑ ነው የሚለው፣ ሰንጠረዡ መነሻ ቢሆን ከዛ ጋር አይጋጭም። ችግሩ ነጋዴው ላይ ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ሚኒባስ የሚያሰራ፣ ደላላ፣ በወረቀት ገቢው ከጽዳት ሰራተኛ ያነሰ ነው። እኔ ሳለሁ አንዲት ዳኛ የሰውየውን የገቢ ማስረጃ ትታ የልጆቹን የትምህርት ቤት ደረሰኝ ነበር የምታየው። ከመጣላታችሁ በፊት ለዚህ ልጅ በአመት ስንት ይከፍል ነበር? ያንን የከፈለ ሰው ገቢ አለው ማለት ነው፣ ትል ነበር። ሰንጠረዡ ለነጋዴው እንዲህ አይነት መለኪያ ይኑርበት፣ ኑሮውን የሚያይ።

---

ከሻርጃ፦

እኔ ውጭ ሆኜ ነው የምከራከረው፣ ውክልና ሰጥቼ። ውክልናው ብቻ ከቆንስላ ወጥቶ እዛ ተረጋግጦ መዝገብ እስኪገባ ወራት ፈጀ። እህቴ ናት ችሎት የምትቆመው፣ እሷ ደግሞ የማታውቀውን ነገር ስትጠየቅ "እሷን ጠይቄ ልምጣ" ትላለች፣ ያ አንድ ቀጠሮ ነው። ፍርድ ቤቶች በቪዲዮ ሰው ይሰማሉ ሲባል ሰምቼ ጠየቅን፣ መሳሪያው አለ ግን ለቤተሰብ ጉዳይ አልተለመደም ተባልን። እዚህ በስራ ላይ ያለን ሴቶች ስንት ነን፣ ልጆቻችንን አያት ጋ ትተን የመጣን። ሐሙስ ማታ ከስራ ስወጣ አስር ደቂቃ ቢሰጡኝ ልጄ ለምን ከአያቷ ጋር መቆየት እንዳለባት በአፌ እነግራቸው ነበር። እባካችሁ ይሄም ይታሰብ።

---

የናቲ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። @ስሜ ይቅር እቅፍ አድርጌሻለሁ ካለሁበት። @አባት ነኝ ያንተን ሳነብ ደግሞ ስለ ናቲ አባት አሰብኩ፣ ገንዘቡን ቢያጓድልም ልጁ ሲያየው ደስ ይለዋል፣ ያንን አልከለክለውም፣ ጫማህንም ሳይጠብባት እንድታደርሰው እጸልያለሁ።

ጊዜያዊ ቀለብን በተመለከተ፣ መዝገቡን ገልጬ አየሁት፣ አቤቱታዬ ላይ አለ! መጨረሻ ገጽ፣ ተራ ቁጥር 6፣ አንድ መስመር። በር ላይ ያለው ጸሐፊ ነው የጻፈልኝ። ማንም አላነሳውም፣ እኔም እንዳለ አላውቅም ነበር። ሁለት አመት ከአምስት ወር እዛ ወረቀት ላይ ተቀምጧል።

@ጠበቃ ከፒያሳ የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ አለብኝ ወይስ ከዛ በፊት ማስገባት ይቻላል? አንቀጹ 82 ነው አይደል?

---

ጠበቃ ከፒያሳ፦

አዎ 82። ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄደሽ በመዝገብ ቁጥርሽ አስገቢ፣ አስቸኳይ ስለሆነ ዳኛው በጽሕፈት ቤት እንዲያዩት ይቅረብልኝ በይ። ግልባጩ ላይ የገባበት ቀንና ማህተም እንዲመቱልሽ አድርጊ፣ እሱን ሳትይዢ አትውጪ። በየወሩ ሳይከፍል የቀረውንም በቀን በቀን ለይተሽ ጻፊ፣ ቀለብ ሳይጠየቅ ሲከርም ለማስከፈል ይከብዳል። መጻፍ ከከበደሽ እዚሁ በግል መልዕክት ላኪልኝ፣ አላስከፍልሽም፣ በአመት የነጻ አገልግሎት ግዴታ አለብኝ፣ ባይኖርም እሰራልሽ ነበር። ናቲን ግን ትምህርት ቤት አድርሰሽው ነይ።